የረሳ ታካሚ ወይስ መልስ ያጣ ታካሚ? ተንቀሳቃሽ ስልክና የተሻለ የጤና መረጃ

በፋካልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር ላይ የቀረበ፤ ከድምፅ ቅጂ ወደ ጽሑፍ የተገለበጠ

 

በተመራቂ ተማሪዎቻችን የጥናት ንድፎች ውስጥ ተደጋግሞ የሚመጣ አንድ ሐሳብ አለ። ታካሚዎች መድኃኒታቸውን በአግባቡ አይወስዱም፤ ቀጠሮ ያሳልፋሉ፤ ስለዚህ በስልካቸው አስታዋሽ መልእክት እንላክላቸው የሚል ነው። ሐሳቡ ቅን ነው፤ ወጪውም አነስተኛ ነው። ይሁን እንጂ በውስጡ ሳይመረመር የሚታለፍ ግምት ተሸሽጓል፤ ይኸውም ታካሚው መድኃኒቱን ያቋረጠው ረስቶ ነው የሚለው ነው። ዛሬ ይህን ግምት ከእናንተ ጋር መመርመር እፈልጋለሁ። የምሟገትለት ነጥብ በአጭሩ ይህ ነው፦ ተንቀሳቃሽ ስልክ ለታካሚ ትልቁን ጥቅም የሚሰጠው ታካሚው በገዛ ቋንቋው ጠይቆ ከሚያውቀው ሰው መልስ የሚያገኝበት በር ሲሆን ነው። በሩ ከተዘጋ መልእክቱ ቢበዛም ታካሚው ብቻውን ነው።

፩. ስልኩ እስካሁን የሠራልን

በአገራችን ጤናና ስልክ የተገናኙት ዛሬ አይደለም። ስለ ኤችአይቪ በነጻ መስመር 952 ደውሎ ማንነትን ሳይገልጹ ባለሙያ ማነጋገር የሚቻልበትን አገልግሎት ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ በአገራችን መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ከተገኘ በኋላ ደግሞ 8335 የተባለው ቁጥር በየቤቱ ታወቀ። በዚያው ወቅት ለወዳጅ ዘመድ ስንደውል ከተለመደው ጥሪ ይልቅ እጃችሁን ታጠቡ የሚለውን ማሳሰቢያ እንሰማ ነበር። ማንበብ የማይችል ሰው ሳይቀር ያንን መልእክት ሰምቷል።

ከጤና ውጭም ልንማርበት የሚገባ ምሳሌ አለን። የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2014 የከፈተው 8028 የስልክ መስመር ገበሬው ቁጥር እየመረጠ ስለ ሰብሉ የሚፈልገውን ምክር በሚሰማው ቋንቋ በድምፅ እንዲያገኝ አስችሏል። ይህም ቀላል ስልክ የያዘና ፊደል ያልቆጠረ ሰው ራሱ መረጃ ፈልጎ ሊያገኝ እንደሚችል አሳይቷል።

እነዚህን አገልግሎቶች ጎን ለጎን ስናያቸው ሁለት ዓይነት ሆነው እናገኛቸዋለን። የጥሪው ማሳሰቢያ ለሁሉም አንድ ነገር ይናገራል፤ ማንንም አይሰማም። 952ና 8335 ግን የደዋዩን ጥያቄ ያዳምጣሉ። ወረርሽኝ ሲገባ የመጀመሪያው ዓይነት እጅግ ያስፈልጋል፤ ሁሉም ሰው ተመሳሳይ ነገር ማወቅ አለበትና። ለወራት ወይም ለዕድሜ ልክ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ግን የሚገጥመው ችግር የራሱ ነው። እዚህ ላይ ነው አስታዋሽ መልእክት ብቻውን የሚያንሰው።

፪. ታካሚው ያቋረጠው ረስቶ ነውን?

የሳንባ ነቀርሳን እንደ ምሳሌ እንውሰድ። ለመድኃኒት የማይበገር ካልሆነ በቀር የተለመደው ሕክምና 6 ወር ይፈጃል። በመጀመሪያዎቹ 2 ወራት አራት መድኃኒቶች፣ ቀጥሎ ባሉት 4 ወራት ደግሞ ሁለቱ ይወሰዳሉ። አሁን በታካሚው ቦታ ሆነን እናስብ።

ሕክምናው በተጀመረ በቀናት ውስጥ ሽንቱ ወደ ብርቱካንማ ቀይ ይለወጣል። ይህ ሪፋምፒሲን የተባለው መድኃኒት የሚያመጣው የታወቀና ጉዳት የሌለው ለውጥ ነው። አስቀድሞ ያልተነገረው ሰው ግን ደም ሸናሁ ብሎ ይደነግጣል፤ መድኃኒቱ ውስጤን አቃጠለው ይላል። በሌላ በኩል ዓይኑ ቢጫ ከሆነ መድኃኒቱ ጉበቱን እየጎዳ ሊሆን ስለሚችል ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ተቋም መሄድ አለበት። ሁለት የቀለም ለውጦች አሉ፤ አንዱ አትፍራ የሚባልበት፣ ሌላው ፈጥነህ ና የሚባልበት ነው። ሁለቱን የማያውቅ ሰው በመጀመሪያው ይሸሻል፣ በሁለተኛው ይዘገያል።

ሁለተኛው ወር ሲገባደድ ሳሉ ይቆማል፣ ላቡ ይቀራል፣ ሰውነቱ ይመለሳል። ድኛለሁ ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም። ተሕዋሲው ግን አልጠፋም፤ በዚህ ጊዜ ማቋረጥ በሽታውን ይመልሰዋል፣ መድኃኒት የለመደ ተሕዋሲም ሊፈጥር ይችላል። በዚህ ላይ በባዶ ሆድ ሲወሰድ የሚያቅለሸልሸው፣ የቀን ሥራ ትቶ ጤና ጣቢያ መመላለስ የማይችለው፣ ጠበል የገባና መድኃኒቱን አብሮ መውሰድ ይገባው እንደሆነ ማንን እንደሚጠይቅ ያላወቀው፣ ጾም ሲገባ ሰዓቱን እንዴት እንደሚያዛውር የጨነቀው አለ።

እነዚህ ሁሉ አልረሱም። መድኃኒቱን በሚገባ ያስታውሳሉ፤ የሚያስፈራቸውም እርሱው ነው። ለእነርሱ በየማለዳው «መድኃኒትዎን መውሰድ አይርሱ» የሚል መልእክት መላክ የጥያቄያቸው መልስ አይሆንም። እንዲያውም ጥያቄያቸውን የሚሰማ እንደሌለ በየቀኑ ያስታውሳቸዋል።

፫. ጥናቶች ምን ይነግሩናል?

ይህ የእኔ ግምት ብቻ እንዳይሆን በዕጣ በተመደቡ ታካሚዎች ላይ የተደረጉ አራት ጥናቶችን ላቅርብ።

የመጀመሪያው በኬንያ በሦስት ክሊኒኮች ፀረ ኤችአይቪ ሕክምና በጀመሩ 538 ሰዎች ላይ የተካሄደውና እ.ኤ.አ. በ2010 ላንሴት በተሰኘው የሕክምና መጽሔት የወጣው ነው። ጤና ባለሙያው በሳምንት አንድ ጊዜ ለታካሚው አንድ የስዋሂሊ ቃል ይልካል፤ «ማምቦ?» ይላል፣ እንዴት ነህ እንደማለት ነው። ታካሚው በ48 ሰዓት ውስጥ «ሳዋ»፣ ማለትም ደህና ነኝ፣ ወይም «ሺዳ»፣ ማለትም ችግር አለ፣ ብሎ ይመልሳል። ችግር አለ ላለውና ዝም ላለው ባለሙያው ይደውልለታል። በመልእክቱ ውስጥ ስለ በሽታውም ሆነ ስለ መድኃኒቱ አንድም ቃል የለም። ከዓመት በኋላ ሲታይ መድኃኒታቸውን በአግባቡ መውሰዳቸውን የተናገሩት በዚህ አገልግሎት ከታቀፉት 62 በመቶ፣ ካልታቀፉት 50 በመቶ ነበሩ። ይህ ከታካሚዎቹ አንደበት የተገኘ ነው። በደም ምርመራ ሲታይም የቫይረሱ መጠን ተገትቶ የተገኘው በ57 በመቶና በ48 በመቶ ላይ ነው።

ሁለተኛው በዚያችው በኬንያ በአንድ የገጠር ክሊኒክ በ431 ታካሚዎች ላይ የተደረገውና እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመው ነው። ተመራማሪዎቹ መልእክትን በየቀኑና በየሳምንቱ፣ አጭርና ረዘም ያለ አድርገው አነጻጸሩ። ከ48 ሳምንታት በኋላ የመድኃኒታቸውን 90 በመቶና ከዚያ በላይ የወሰዱት በየሳምንቱ መልእክት ከደረሳቸው 53 በመቶ ሲሆኑ፣ ምንም ካልደረሳቸው 40 በመቶ ነበሩ። በየቀኑ የደረሳቸው ግን ምንም ካልደረሳቸው የተለየ ውጤት አላሳዩም። ተጨማሪ የማበረታቻ ቃላትም ለውጥ አላመጡም። የመልእክት ብዛት የመረጃ ብዛት አለመሆኑን ከዚህ እንረዳለን፤ በየቀኑ በአንድ ቃና የሚመጣ ድምፅ ቶሎ ይለመዳል፣ የተለመደ ድምፅም አይሰማም።

ሦስተኛው በፓኪስታን ካራቺ ከተማ ከ2,000 በላይ የሳንባ ነቀርሳ ታካሚዎችን ያሳተፈውና እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመው ነው። ታካሚው በየቀኑ አስታዋሽ ይደርሰዋል፤ መድኃኒቱን መውሰዱን በመልእክት ወይም በሚስድ ኮል ያሳውቃል፤ ካላሳወቀ ሥርዓቱ ራሱ ደጋግሞ ያስታውሰዋል። የሕክምናው ስኬት በሁለቱም ወገን 83 በመቶ ሆነ። ልዩነት አልተገኘም።

አራተኛው በናይሮቢ በሳንባ ነቀርሳ ታካሚዎች ላይ የተደረገውና እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመው ነው። እዚህም ታካሚው መድኃኒቱን መውሰዱን በየቀኑ በስልኩ ያረጋግጣል። ሆኖም ዝም ሲል ነገሩ ከማሽኑ ወደ ሰው ይተላለፋል፤ የድጋፍ ቡድን አባላት ራሳቸው ያነጋግሩታል። ሕክምናቸው ሳይሳካ የቀረባቸው ታካሚዎች ድርሻ ከ13.1 በመቶ ወደ 4.2 በመቶ ዝቅ ብሎ ታየ።

በአራቱ ጥናቶች መካከል የበሽታ፣ የአገርና የአሠራር ልዩነት አለ፤ ስለዚህ እርስ በርስ ማነጻጸሩ ብቻውን ማረጋገጫ ነው አልልም። በተለይ በካራቺ አስታዋሽ ካልደረሳቸውም 83 በመቶው ስለዳኑ መሻሻያው ጠባብ እንደነበር ማስታወስ ይገባል። ቢሆንም ሁለቱን የሳንባ ነቀርሳ ጥናቶች ጎን ለጎን ስናስቀምጥ አንድ ልዩነት ጎልቶ ይታያል። በአንደኛው ዝም ያለው ታካሚ የሚያገኘው ሌላ አስታዋሽ ነው፤ በሌላኛው የሚያገኘው ሰው ነው።

፬. መልእክቱ በማን ቋንቋና በማን ሰዓት ይናገራል?

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። መልስ የሚሰጥ ሰው ቢኖር እንኳ መልእክቱ መጀመሪያ መነበብና መገባት አለበት። እዚህ ላይ የሚገጥሙን ችግሮች ጥቃቅን ይመስላሉ፤ ነገር ግን ታካሚን ሊጎዱ ይችላሉ።

የመጀመሪያው ፊደላችን ነው። አንድ የስልክ መልእክት የሚይዘው 140 ባይት ብቻ ነው። በላቲን ፊደል ሲሆን 160 ምልክት ይገባበታል። በግእዝ ፊደል ሲሆን ግን እያንዳንዱ ምልክት 2 ባይት ስለሚወስድ 70 ብቻ ይገባል። ከ160 ላቲን ፊደላት መካከል አንድ የግእዝ ፊደል ብትገባ መልእክቱ በሙሉ ወደ 70 ይወርዳል። ከ70 ካለፈ ተቆራርጦ ይሄዳል፣ ክፍያውም በየቁራጩ ነው። በዚህ ምክንያት ገንዘብ ለመቆጠብ አማርኛውን በላቲን ፊደል የሚጽፉ አሉ። ይህ አደገኛ ቁጠባ ነው። በላቲን ሲጻፉ «መጣ» እና «መታ» አንድ መልክ ይይዛሉ። ወጣቱ ከዐውዱ ይረዳዋል፤ ፊደል በመሠረተ ትምህርት የቆጠሩ እናት ግን ጨርሶ አያነቡትም።

ደግነቱ ፊደላችን ቁጥብ ነው። «ነገ ጠዋት 3 ሰዓት ቀጠሮ እንዳለዎት እናስታውሳለን። መምጣት ካልቻሉ ይደውሉልን።» የሚለው መልእክት ክፍት ቦታውና አራት ነጥቡ ተቆጥረው 51 ምልክት ብቻ ነው። ከ70 በታች ጥሩ አማርኛ መጻፍ ይቻላል፤ የሚጠይቀው ጥንቃቄ ብቻ ነው።

ሁለተኛው ሰዓታችን ነው። ከውጭ የሚመጣ ሶፍትዌር የሚቆጥረው ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ነው፤ እኛ የምንቆጥረው ከንጋት ነው። ሥርዓቱ ጠዋት 8:00 ብሎ የላከው ቀጠሮ በእኛ አቆጣጠር ጠዋት 2 ሰዓት ነው። ታካሚው ግን 8 ሰዓት የሚለውን እንዳየ ከቀኑ 8 ሰዓት ብሎ ይረዳዋል፣ ስድስት ሰዓትም ዘግይቶ ይመጣል። በየ12 ሰዓቱ የሚወሰድ መድኃኒት በዚሁ ስሕተት ወደ ቀኑ 8 ሰዓትና ወደ ሌሊቱ 8 ሰዓት ይዛወራል። ለሌሊቱ ማንቂያ የሚነሣ ታካሚ ለጥቂት ቀናት ይታገል ይሆናል፤ ከዚያ ይተወዋል። ቀኑም እንዲሁ ነው። 10/3 የሚለውን ማሽኑ ማርች 10 ሲለው የእኛ ሰው ኅዳር 10 ብሎ ያነበዋል። ስለዚህ ወሩ በስሙ፣ ሰዓቱም ጠዋት ወይም ማታ ከሚል ቃል ጋር ይጻፍ።

ሦስተኛው አነጋገራችን ነው። እንግሊዝኛው አንድ ትእዛዝ በሚጠቀምበት ቦታ አማርኛ «ውሰድ»፣ «ውሰጂ» እና «ይውሰዱ» ብሎ እንዲመርጥ ይገደዳል። ለ70 ዓመት አዛውንት «መድኃኒትህን ውሰድ» የሚል መልእክት ቢደርሳቸው ከመድኃኒቱ በፊት ክብራቸው ይነካል። ሥርዓቱ የታካሚውን ፆታና ዕድሜ ካልያዘ «እርስዎ» ይሻላል።

አራተኛው የሙያ ቃላት አተረጓጎም ነው። የላቦራቶሪ ውጤትን «አሉታዊ ነው» ብለን ብንልክ በሙያችን ተሕዋሲው አልተገኘም ማለታችን ነው። በዕለት ተዕለት አማርኛ ግን አሉታዊ ማለት መጥፎ ነው። ደስ ሊለው የሚገባው ሰው መርዶ ያነብባል፤ ከዚህ የከፋው ደግሞ «አዎንታዊ ነው» የተባለውና መልካም ዜና የመሰለው ነው። «ተሕዋሲው አልተገኘብዎትም» ማለት ይቻላል፣ ግልጽም ነው። ይህን ሁሉ ያልኩት ስለ አማርኛ ብቻ ነው፤ አፋን ኦሮሞ፣ ሶማሊኛ፣ ትግርኛ፣ ሲዳምኛና ሌሎች ቋንቋዎቻችን እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ጥያቄ አላቸው። ከአማርኛ ቃል በቃል መተርጎም ከእንግሊዝኛ ቃል በቃል ከመተርጎም የተሻለ አይደለም።

፭. ስልኩ የማን ነው?

እ.ኤ.አ. የ2016 የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንዳመለከተው ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆኑ ሴቶች መካከል የራሳቸው ተንቀሳቃሽ ስልክ የነበራቸው 27 በመቶ ሲሆኑ፣ ማንበብ የሚችሉት 42 በመቶ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ስልክ በእጅጉ ተስፋፍቷል። ቢሆንም ቁጥሮቹ የሚያስተምሩን ነገር አላረጀም፤ ለአንዲት ነፍሰ ጡር የተላከ መልእክት በባሏ ስልክ ላይ ሊያርፍና በትምህርት ቤት ልጇ ሊነበብ ይችላል።

ለእርግዝና ክትትል ቀጠሮ ይህ ምናልባት ይጠቅም ይሆናል፤ ባልየውም ስለ ደም መፍሰስ፣ ስለ ከባድ ራስ ምታትና ስለ ዓይን ብዥታ ቢያውቅ ፈጥኖ መጓጓዣ ይፈልጋል። ለኤችአይቪ፣ ለቤተሰብ ምጣኔ ወይም ለአእምሮ ሕመም ግን አንድ ግልጽ መልእክት ትዳር ሊያፈርስ፣ ከቤት ሊያስወጣ፣ ለዱላም ሊያጋልጥ ይችላል። «ማምቦ?» የምትለው ቃል ብልህነቷ እዚህ ላይ ነው፤ ማንም ቢያነባት ከወዳጅ የመጣች ሰላምታ ናት።

የመንገዱ ምርጫም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። የጽሑፍ መልእክት በስልኩ ውስጥ ተቀምጦ ይቆያል። የስልክ ሒሳባችንን ለማየት የምንጠቀምበት ዓይነት፣ በኮከብ ተጀምሮ በመሰላል የሚያልቀው የቁጥር ምርጫ ግን ሲዘጋ ከገጹ ላይ ይጠፋል፤ ኢንተርኔትም አይፈልግም። የተቀዳ ድምፅ ማንበብ ለማይችለው ይጠቅማል፤ ነገር ግን በሰው መካከል ሊሰማ ይችላል። ሁሉን የሚያሟላ መንገድ ስለሌለ ታካሚው ራሱ ይምረጥ፤ በየትኛው ቁጥር፣ በየትኛው ሰዓት፣ በጽሑፍ ወይስ በድምፅ እንደሚፈልግ መጀመሪያ ይጠየቅ። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ይህ የመልካም ሥነ ምግባር ጉዳይ ብቻ ሆኖ አይቀርም፣ የሕግ ግዴታም ነው።

፮. ማን ይመልሳል?

በደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. በ2014 የተጀመረው ማምኮኔክት የተሰኘው አገልግሎት ነፍሰ ጡሮችን በክሊኒክ መዝግቦ ከእርግዝናቸው ዕድሜ ጋር የሚሄድ መልእክት በአገሪቱ ቋንቋዎች ይልካል። እኔ ከሁሉ የማደንቀው እናቶች ጥያቄና ቅሬታ የሚልኩበት ክፍል ከአገልግሎቱ ጋር መገንባቱን ነው። እናቲቱ መድኃኒት አለቀ ተባልኩ ብላ ብትጽፍ ጉዳዩን የሚመለከተው አካል ይሰማዋል። ያኔ መረጃ ወደ ታች ብቻ አይፈስም፤ ወደ ላይም ይወጣል።

እኛ ለዚህ መሠረት የለንም ማለት አይቻልም። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ የተዘረጋው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በየቀበሌው ጤና ኬላ ውስጥ ማኅበረሰቡ በስም የሚያውቃቸውን ሴት ባለሙያዎች አስቀምጧል። አሁን ብዙዎቹ የቤተሰብ መዝገባቸውን በኤሌክትሮኒክ የማኅበረሰብ ጤና መረጃ ሥርዓት እየያዙ ነው። ይህ ሥርዓት ሪፖርት ወደ ላይ ለማድረስም ያገለግላል። ታካሚው በዚያው ስልክ ወደ ባለሙያዋ የሚደርስበትን መንገድ መክፈት ግን አዲስ ሕንፃ አይጠይቅም።

ስለዚህ በዚህ ርእስ ላይ ጥናት ለማድረግ ለምታስቡ ተማሪዎች አራት ጥያቄዎችን ልተውላችሁ። ታካሚዎቹ የሚያቋርጡት ለምን እንደሆነ ራሳቸውን ጠይቃችኋልን? መልእክታችሁን ከታሰበላቸው ሰዎች ጥቂቶቹ አንብበው ወይም ሰምተው የተረዱትን በራሳቸው ቃል መልሰው ነግረዋችኋልን? መልእክቱ በሌላ ሰው እጅ ቢገባ ማንን ይጎዳል? ታካሚው ችግር አለብኝ ብሎ ቢመልስ ስልኩን የሚያነሣው ማነው፣ ያስ ሰው ለዚህ ጊዜ ተሰጥቶታልን? ለአራተኛው መልስ የሌለው ፕሮጀክት ገና አልተጠናቀቀምና ገንዘቡ ከመውጣቱ በፊት ይቆይ እላለሁ።



ከአድማጮች ከቀረቡ ጥያቄዎች መካከል

ጥያቄ፦ በጤና ጣቢያ የምሠራ ነርስ ነኝ። በቀን የማየው ታካሚ ቁጥር ከአቅሜ በላይ ነው። በዚህ ላይ ስልክ መልሺ ብባል እንዴት እችለዋለሁ?

መልስ፦ ሲስተር፣ ጥያቄሽ ትክክለኛ ነው፤ ብዙ ፕሮጀክቶች የሚወድቁትም ይህን ስለማያነሡ ነው። የኬንያው አሠራር የሚረዳን እዚህ ላይ ነው። ደህና ነኝ ላሉት አይደወልላቸውም፤ የባለሙያዋ ጊዜ የሚሄደው ችግር አለ ላሉትና ዝም ላሉት ብቻ ነው። ዛሬ ችግሩ ያለበትንና የሌለበትን ሳትለዪ ሁሉንም በእኩል ወረፋ ታያለሽ። የጠፋውን ታካሚም የምትፈልጊው ከጠፋ በኋላ ነው። ነገር ግን ይህ ሥራ በትርፍ ሰዓትሽና በገዛ ካርድሽ የምትሠሪው ውለታ ሊሆን አይገባም። በሥራ ዝርዝርሽ ውስጥ መግባት፣ ሰዓትና በጀት ሊመደብለት ይገባል።

ጥያቄ፦ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ጥያቄዎችን በራሱ መመለስ ከቻለ የሰው ጥሪ ለምን ያስፈልጋል?

መልስ፦ የተለመዱ ጥያቄዎችን ለመመለስ፣ መልእክት ለማርቀቅና ባለሙያውን ለማገዝ ይጠቅም ይሆናል፤ አልቃወምም። ነገር ግን በየቋንቋው ይፈተን። ጠዋት 8:00 የሚለውን 2 ሰዓት ብሎ ይነግረዋልን? «አሉታዊ» የሚለውን ቃል እንዴት ይጠቀምበታል? «ሽንቴ ቀላ» ላለውና «ዓይኔ ቢጫ ሆነ» ላለው የተለያየ መልስ ይሰጣልን? ይህን ፈተና ቢያልፍ እንኳ ሁለተኛው ታካሚ በዚያው ቀን ሊመረመር ይገባል። ዓይኑን አይቶ፣ ደሙን መርምሮ፣ መድኃኒቱ ይቁም ወይም ይቀጥል ብሎ በስሙ የሚፈርም ሰው ያስፈልጋል። የምንገነባው ሥርዓት ማሽንም ይኑረው አይኑረው፣ ያ ታካሚ ወደዚያ ሰው ለመድረስ ስንት ሰዓት እንደፈጀበት ለክታችሁ ብትነግሩኝ ሥርዓቱ ጥሩ መሆን አለመሆኑን ከዚያ ቁጥር አውቀዋለሁ።